ትሎቼ የሚኖሩበት በግ

የማጠናው ትል ነው። ይህን ስናገር ሰው ፊቱን ማጨፍገጉ ስለማይቀር ቶሎ ተናግሬ መገላገልን ለምጃለሁ። እናቴ ጅግጅጋ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ትነግዳለች። ደንበኞቿ «ልጅሽ በምን ተመረቀች?» ብለው ሲጠይቋት ለብዙ ጊዜ «ሐኪም ናት» እያለች ስትመልስ ኖራለች። አንድ ቀን ሱቋ ቁጭ ብዬ ይህንኑ ስትደግም ሰማኋትና፣ «ሐኪም አይደለሁም፤ በበግ ሆድ ውስጥ ያለ ትል ባሕርዩን ለልጆቹ እንዴት እንደሚያወርስ ነው የማጠናው» አልኩ። ደንበኛዋ ስትዳብሰው የነበረውን ጨርቅ አስቀምጣ ሄደች። እናቴ ቀኑን ሙሉ አኮረፈችኝ። ቤት ስንገባ ግን አላስቻላትም፤ «ይህን ሁሉ ዓመት ተምረሽ፣ ተምረሽ፣ ትል?» አለችኝ። «አዎ፣ ትል» አልኳት።

ሁለተኛ ዲግሪዬን ጨርሼ ወደ ጅግጅጋ የተመለስኩት በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። ያኔ በክረምቱ ሁከት የተነሳ ብዙ የማውቃቸው ሰዎች ዕቃቸውን ጠቅልለው ከከተማዋ ይወጡ ነበር። የሚወጣው አውቶቡስ ጢም ብሎ ሲወጣ እኔ ግማሽ ባዶ በሆነው ገባሁ። አዲስ አበባ ያስተማሩኝ ፕሮፌሰር ሲሰናበቱኝ «እዚያ ምን ማሽን አለና ነው የምትሄጂው?» ብለውኝ ነበር። ማሽን የለም። ትሉ ግን እዚያ ነው። እኔም የተወለድኩት እዚያ ነው፤ አባቴ ከመሀል አገር መጥቶ ነግዶ የተቀበረውም እዚያው ነው። ወደ ቤቴ ለመመለስ የማንም ፈቃድ አላስፈለገኝም።

ትሉ ከስፌት መርፌ አይረዝምም። የሚኖረው በበግና በፍየል አራተኛ ጨጓራ ውስጥ ነው፤ ደም ይጠጣል። ሴቷ ቀይና ነጭ ክር አብረው የተገመዱ ትመስላለች፤ እውነቱን ለመናገር ታምራለች። ትሉ የበዛበት በግ የዓይኑ ቆብ ውስጡ ይነጣል፣ ከመንጋጋው ሥር ያብጣል፣ ከዚያ አንድ ጠዋት አይነሳም። ለዚህ የሚጠጣ መድኃኒት አለ፤ በየሱቁ ይሸጣል። አርብቶ አደሩ ግን «መድኃኒቱን አጠጣሁ፣ በጎቼ ሞቱ» እያለ ይመጣል። ቢሮ ያለው ሰው ሁሉ መልሱ አንድ ነበር። አንዱን መጠን ለሦስት በግ አካፍለህ ነው፤ የውሸት መድኃኒት ገዝተህ ነው፤ አልገባህም። ይህን መልስ በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላ ነበር። እኔ የጠረጠርኩት ትሉን ነው። ከዘረመሎቹ በአንዱ ላይ አንዲት ፊደል የምታክል ነገር ከተቀየረች መድኃኒቱ የሚይዘው ቦታ ያጣል። ያ ትል ሌሎቹ ሲያልቁ እሱ ይተርፋል፤ የሚወልዳቸውም እንደሱ ናቸው።

ይህን ለማሳየት መድኃኒቱን እየቀመሰ የተረፈ የትል ዘር ማቆየት አለብኝ። ሌላ ትል የሚያጠኑ ባልደረቦቼ ትላቸውን በሳህን ላይ ያረባሉ፤ ሲፈልጉ በረዶ ውስጥ ይከቱታል። የኔው ትል ግን ከበግ ሆድ ውጪ አድጎ አይወልድም። ስለዚህ ዘሩን የማቆየው በሕይወት ባለ በግ ውስጥ ነው። ከደገሀቡር ያመጣሁት ጥቁር ራስ ሙክት ነበር፤ በምሠራበት የምርምር ጣቢያ ግቢ ጥግ ላይ በረት አሠርቼለት፣ ጆሮው ላይ ቢጫ ቁጥር አንጠልጥዬለት። በየጊዜው መድኃኒት አጠጣዋለሁ፤ ከሞት የተረፉት ትሎች የጣሉትን እንቁላል ከበጠጡ እለቅማለሁ፤ እጩን ፈልፍዬ መልሼ አጠጣዋለሁ። በጉ ከሞተ ትሉም አብሮ ስለሚሞት ከራሴ አስበልጬ ነበር የምቀልበው። ያን ሙክት ያየ ሰው በሆዱ ደም መጣጭ ይዟል ብሎ አይጠረጥርም። ከግቢው በጎች ሁሉ እንደሱ የሰባ አልነበረም።

ከዚያ ሥራችን ይገመገማል ተባለ። የገምጋሚዎቹ መሪ ማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? እኚያው ፕሮፌሰሬ። ሐሳባቸውን አስቀድመው በስልክ ነግረውኝ ነበር። «ልጄ፣ ዘሩን ወደኛ አምጪው። ማሽኑ እኛ ጋ ነው። አንቺ እዚያ ሆነሽ ናሙና ትልኪልናለሽ።» ድምፃቸው የአባት ነበር። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ማለት እሳቸው ናቸው። ለሁለተኛ ዲግሪዬ በፀሐይ ተጠብሼ ከሸደር እስከ አይሻ የሰበሰብኩት ናሙና እሳቸው ማቀዝቀዣ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል። ስጠይቅ «አለ፣ አለ» ይሉኛል፤ ላም አለኝ በሰማይ። ዘሩ ከሄደ እኔ ተመራማሪ መሆኔ ይቀርና በጠጥ ለቃሚ እሆናለሁ። ስለዚህ ግምገማው ላይ «እዚሁ ይቆያል» ብዬ ልሟገት ቆርጬ ነበር።

ገምጋሚዎቹ ሊመጡ ሲሉ ለመድኃኒቱ ጊዜው ደርሶ ነበርና ሙክቱን አጠጥቼ ወደ ደገሀቡር ለመስክ ሥራ ወረድኩ። በማግስቱ ስመለስ ግቢው የሥጋ ወጥ ይሸታል። እንግዶቹ በአንድ ቀን ቀድመው መጥተዋል። ወደ በረቱ አየሁ፤ ባዶ ነው። ከማብሰያው ጎን ጥቁር ጭንቅላት መሬት ላይ ተቀምጧል፤ ጆሮው ላይ ቢጫ ቁጥር አለ።

እንዴት እንደጮህኩ አላውቅም። ምግብ የምታበስለው ሴትዮ እጇ ላይ ያለውን ጭልፋ ጣለች።

«ኤዶ፣ ሆድ ዕቃው የታለ?» አልኳት። ኤዶ በሶማሊኛ አክስት ነው፤ ሁላችንም እንደዚያ ነው የምንጠራት።

«ሳፋው ውስጥ ነው፤ ገና አላጠብኩትም። ምን ነካሽ ልጄ?»

ኃላፊያችን ጩኸቴን ሰምቶ መጣ። እኩያዬ ነው፤ እዚሁ ከተማ ነው ያደግነው። አዲስ ሸሚዝ ለብሷል።

«አባዮ፣ ቀስ በይ። እንግዶቹ ይሰማሉ።» አባዮ እህቴ ማለት ነው፤ ሲቆጣም ሲለምንም ይለኛል።

«በጌን አረዳችሁት!»

«የአንቺ? ቁጥር ያለው የመሥሪያ ቤቱ በግ አይደል? ለእንግዳ የሚታረደው የግቢው ምርጡ ነው። ከሱ የሚሻል የት አለ? ክስት ያለውን አርጄ ላዋርዳቸው ነበር?»

ልክ ነው። እኛ ጋ እንግዳ ሲመጣ ዓይን የሚያርፈው በሰባው ላይ ነው። በገዛ እጄ አስብቼ፣ በገዛ እጄ የመንግሥት ምልክት አንጠልጥዬለት ለካራ አዘጋጅቼዋለሁ። ሳቅም እንባም አንድ ላይ መጣብኝ።

«ወጡ አይቀርብም» አልኩት። «ትናንት መድኃኒት አጠጥቼዋለሁ። ሥጋው ውስጥ አለ።»

ፊቱ ተለወጠ። «ይሞታሉ?»

«አይሞቱም።»

«ያማቸዋል?»

«ምናልባትም ምንም አይሆኑም።»

«እንግዲያው ዝም በይ። እንግዳ ምግብ ሸትቶት፣ እጁን ታጥቦ፣ አትብላ ይባላል? ስለ ሥራሽ የሚጽፉትም እነሱ ናቸው።»

ዝም ማለትን አላሰብኩም ብል ዋሸሁ። ማንም አያውቅም ነበር። ነገር ግን በየመንደሩ እየዞርኩ «መድኃኒት ያጠጣችሁትን በግ ቶሎ አትረዱ» ብዬ አርብቶ አደሩን የምገሥጽ እኔ ነኝ። ለእነሱ ሲሆን ሕግ፣ ለፕሮፌሰር ሲሆን ይሉኝታ? አላደርገውም።

መጀመሪያ ግን ሳፋውን ያዝኩ። ጨጓራው ገና ሙቀት ነበረው። በቢላ ስሰነጥቀው ትሎቼ እዚያ ናቸው፤ ቀይና ነጭ፣ እየተንቀሳቀሱ። ኤዶ «አዑዱ ቢላህ! አላህ ይጠብቀን» ብላ አፏን ያዘች። ለእንግዳ የተዘጋጀውን የወተት ሻይ ከፔርሙዙ ደፍቼ፣ በለብ ያለ ጨው ውሃ ሞላሁትና ሴቶቹን እየለቀምኩ ጨመርኩ። የቀሩትን ከነሳፋው ይዤ ወደ አዳራሹ ገባሁ። ጫማዬ የደገሀቡር አቧራ ነው፤ እጄ ደም ነው።

«እንኳን ደህና መጣችሁ። የታረደላችሁ በግ የምርምር በግ ነው፤ በስህተት ነው የታረደው። መድኃኒት ስላለበት ሥጋው አይበላም። የመጣችሁለት ትል ግን ይኸው።» ሳፋውን ከሳህኖቹ መሀል አስቀመጥኩት።

አንዱ ገምጋሚ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። ፕሮፌሰሩ ግን መነጽራቸውን አድርገው አጎነበሱ፤ ሳይንቲስት ናቸው፣ ይህን አልክድባቸውም። ብዙ ካዩ በኋላ ቀና አሉ።

«እንግዲህ ዘርሽ አለቀ ማለት ነው?»

«አላለቀም። ሴቶቹ እንቁላል ይዘዋል፤ ፔርሙዝ ውስጥ ናቸው። እጭ እፈለፍላለሁ።»

«እጩንስ ማን ይሸከምልሻል? ንጹሕ በግ ይፈልጋል፤ በግሽ ድስት ውስጥ ነው፣ በጀትሽ አልቋል።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ፣ እልህ ይቅርብሽ። ፔርሙዙን ስጪኝ። እኛ ጋ በጉም ማሽኑም አለ። አለበለዚያ ዘሩ ጠፍቷል ብዬ ነው የምጽፈው።»

እጃቸውን ዘረጉ። ፔርሙዙን በሁለት እጄ ደረቴ ላይ ያዝኩት።

«ይጻፉ» አልኳቸው። «በጎቹ የሚያልቁት እዚህ ነው። ሰዎቹ አልገባችሁም እየተባሉ የሚሰደቡት እዚህ ነው። ትሉም እዚህ ይቆያል። ማሽን ያለው ሰው ማሽኑን ይዞ ይምጣ።»

ኃላፊያችን ሳፋው ላይ አጎንብሶ ቆሞ ነበር። ለካ ትሉን በዓይኑ አይቶት አያውቅም።

«መድኃኒቱን ጠጥቶ ነው እንዲህ የሚንቀሳቀሰው?» አለኝ።

«ትናንት ነው የጠጣው። ሙሉውን መጠን፣ በኔ እጅ።»

«ሸደር ያለችው እናቴ ፍየሎቿ አለቁባት» አለ። ለኔ ይሁን ለእንግዶቹ አልታወቀኝም። «አጠጥቻለሁ ስትለኝ ዋሽተሻል አልኳት። በአላህ ስትምልልኝ አላመንኳትም።»

በዚህ መሀል ዘበኛው በር ላይ ብቅ አለ። በሥጋው ላይ ያልኩት እንደተሰማ ኤዶ ሰው ገበያ ልካ ኖሯል፤ እንግዳ ሳይታረድለት እንዳይሄድ ሌላ በግ ተገዝቶ ደጅ ቆሟል። በጉ ወጣት ነው፤ ዓይኑ የጠራ፣ መንጋጋው ሥር እብጠት የሌለበት። አራጁ ቢላውን እየሳለ ነበር። በመስኮት አየሁትና ወደ ኃላፊያችን ዞርኩ። መለመን አልፈለግኩም፤ ለሱ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። አንድ ጊዜ ምግብ ተነሥቶበታል፤ ሁለተኛ ጊዜ እንግዳውን ባዶ ቢሸኝ ይህ ወሬ ከቤተሰቡ ስም ጋር ለዓመታት ይነሳል።

በመስኮቱ ወደ ውጭ በሶማሊኛ ጮኸ፤ አራጁ ቢላውን ወደ ሰገባው መለሰ። ከዚያ ወደ ፕሮፌሰሩ ዞሮ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እንዲህ አላቸው።

«ፕሮፌሰር፣ እንግዳዬ ነዎት፣ ይቅር ይበሉኝ። ዛሬ ሥጋ የለም። ይህ በግ የሷ ነው።»

ያን ቀን ገምጋሚዎቹ ሥጋ የሌለበት ነጭ ፓስታ እንደ አገሩ ልማድ በሙዝ በልተው ተመለሱ፤ ትሎቹም ጅግጅጋ ቀሩ።