የጋሼ ይደረሳል ሊፍት

እኔ መቆም የማልወድ ሴት ነኝ። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሱቄ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ደንበኛ ደግሞ ልብሱን የሚፈልገው ለትናንት ነው። እና ጋሼ ይደረሳል አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንጀቴን ሲያሳርሩኝ ኖሩ ብል ውሸት የለበትም።

የሕንፃችን ሊፍት አሮጌ ናት። በሯን በእጅ ስበው የሚዘጉት፣ በብረት እጀታ የሚያንቀሳቅሷት እሳቸው ናቸው። "ኧረ ጋሼ ቸኩያለሁ!" ስንላቸው "ይደረሳል" ይላሉ፤ ስማቸውም በዚያው ቀረ። ከዚያ ወሬ ይጀምራሉ። ልክ የምንወርድበት ፎቅ ስንደርስና ነገሩ ሲጦፍ በሩን ከፈት ያደርጉና "ሦስተኛ!" ይላሉ። የሁለተኛ ፎቁ የጥርስ ሐኪም ወሬው እንዳያመልጠው ስንቴ እስከ ሰባተኛ አብሮኝ ወጥቶ በደረጃ ተመልሷል! ታካሚው አፉን ከፍቶ ይጠብቃል።

አንድ ቀን እጀታውን ልብ ብዬ ባየው ሁለት ምልክት አለው፤ "ቀስታ" እና "ፍጥነት"።

"ጋሼ፣ ይቺኛዋ ምንድን ናት?"

"እሷማ ፍጥነት ናት።"

"ታዲያ ለምን አይጠቀሙባትም?"

"ምን ልታደርግልኝ?" አሉኝ፣ ከልባቸው ገርሟቸው።

ደሜ ፈላ። አሥራ አንድ ዓመት! ልብስ ስፌቱን ትቼ ለሕንፃው ሥራ አስኪያጅ አቤቱታ ጻፍኩ።

በሳምንቱ ሥራ አስኪያጁ የስንብት ደብዳቤ ይዞ ሊፍቷ ውስጥ ገባ። እኔም ነበርኩ። ክው አልኩ። እንዲቆጧቸው ነው እንጂ ጉሮሯቸውን እንዲዘጉባቸው መቼ አልኩ!

"ከተከራዮች አንዱ አቤት ብሏል። እዚህ ላይ ይፈርሙ" አላቸው።

"እሺ ጌታዬ። አሁን እጄ ሥራ ይዟል፤ ሰባተኛ ስንደርስ እፈርማለሁ።" እጀታውን ቀስታ ላይ አደረጉ። "ፊርማ ሲሉኝ የሰርጌ ቀን ትዝ አለኝ።"

ሁለተኛ ፎቅ ስንደርስ በወሬያቸው ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው የተሳሳተ አውቶቡስ ተሳፈሩ። አራተኛ ላይ የማያውቁት ሰርግ ቤት ገቡ። ስድስተኛ ላይ ሰርገኞቹ እጃቸውን ጎትተው ከሙሽራዋ ጎን አስቀመጧቸው።

"ዘወር ብዬ ሳያት፣ ምን ትለኛለች... ሰባተኛ! እስኪሪብቶ ያውሱኝ ጌታዬ።"

"ምን አለችዎት?" አለ ሥራ አስኪያጁ።

"ደርሰናል እኮ።"

"የምን መድረስ ነው! ወደ ታች ይመልሷት! ደግሞ ቀስ አድርገው!"

ሦስት ጊዜ ወጥተን ወረድን። ሥራ አስኪያጁ ደብዳቤውን ማራገቢያ አድርጎታል። ከዚህ በላይ አልቻልኩም።

"አቤቱታው የኔ ነው። ይመለስልኝ" አልኩ፣ ፊቴ እሳት መስሎ።

"አውቄያለሁ ልጄ" አሉኝ ጋሼ። "እዚህ ሕንፃ ውስጥ ካንቺ በቀር እጀታውን ያየ የለም።" አፈርኩ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ይኸው አራት ወር ሆነ። እሳቸው ሥራቸው ላይ ናቸው፤ የሰርጉ ወሬም አላለቀም። ትናንት ባለቤታቸው ቀሚስ ሊያሳጥሩ ሱቄ መጡ። አላስችል አለኝና "እውነት ጋሼ በሰርጋችሁ ቀን ጠፍተው ነበር?" አልኳቸው።

ሴትዮዋ ሳቁ። "እሱ? እሱማ የዚያን ቀን..."

"ኧረ በፈጠረዎት፣ እንዳይነግሩኝ!" ብዬ መቀሴን ጥዬ ጆሮዬን ደፈንኩ።