ሐያትን የያዛት ነገር፦ ከአል ካራማ እስከ ሰናይያ

ጠዋት፣ አል ካራማ

እዚህ አረብ አገር እረፍቱ ዓርብ ስለሆነ፣ ዓርብ ለእኔ የእንቅልፍና የአምልኮ ቀን ነው። በዚያኛው ዓርብ ግን ሁለቱንም ትቼ በማለዳ ወደ አውቶቡስ ተራ ወጣሁ። ጓደኛዬን ሐያትን ከመባረር ላስጥላት ወደ አል አይን መሄዴ ነበር። «ላስጥላት» ማለቴ እንኳ ድፍረት ነው፤ ከምን እንደማስጥላት ገና በቅጡ አላወቅኩም።

ሐያት የሐይቅ ልጅ ናት፣ የወሎዋ ሐይቅ። የተዋወቅነው አቡዳቢ፣ አል ካራማ ሰፈር ውስጥ፣ እኔ ከምኖርበት ሕንፃ ጎን ባለው ቪላ የቤት ሠራተኛ ሳለች ነው። እኔ ጴንጤ፣ እሷ ሙስሊም፤ እኔ ነገር ሲነካኝ የምጮህ፣ እሷ ስትቆጣ እንኳ ድምጿ የማይሰማ። ግን ገጠምን። ከጥቂት ወራት በፊት አሠሪዋ እጇ ለስፌት የቀና መሆኑን አየችና አል አይን የመጋረጃ ሱቅ ላላት እህቷ ሰጠቻት፤ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ኢቃማዋም ወደዚያ ዞረ። ሐያት መቀስ ከያዘች ወዲህ ሌላ ሰው ሆነች። ከሰው ኩሽና ወጥታ ባለሙያ ተባለች።

ሐሙስ ደወለችልኝ።

«ሰብልዬ፣ ያዘኝ።»

«ምን ያዘሽ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ጨርቅ ስነካ ይይዘኛል፣ ሰው ስነካ ይይዘኛል። ማዳም እሁድ ቪዛሽን ሰርዤ አገርሽ እልክሻለሁ ብላኛለች።» ከዚያ በኋላ ለቅሶ ብቻ ሆነ።

በእኛ ቋንቋ ወባም ይይዛል፣ ፖሊስም ይይዛል፣ ኤሌክትሪክም ይይዛል፣ ጂንም ይይዛል። አብረዋት የሚኖሩት ልጆች ከዝርዝሩ የመጨረሻውን መረጡ። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር የሚባለውን ማን ይሰማል? ወሬው በአረብኛ ተተርጉሞ ማዳሟ ጆሮ ደረሰ።

ጊዜው ደግሞ የእገዳው ጊዜ ነበር። ከአገር ቤት ወደ አረብ አገር ለሥራ መምጣት ተከልክሎ ነበር። እዚህ ያለነው አለን፤ የሄደ ግን መመለሻ የለውም። ለእረፍት ሄዶ እናቱን ለመሳም እንኳ የሚደፍር አልነበረም። ሐያት እሁድ ከተላከች የያዘችው መቀስ እዚያው ላይ ያበቃል።

መንገድ ላይ

የአውቶቡሱ ዋጋ ሃያ አምስት ድርሃም ነው። ሙቀቱ ገና መግባቱ ቢሆንም አቡዳቢ እንደ ተከደነ ድስት ታፍና ነበር። ከሕንፃው በር ስወጣ መነጽሬ በእንፋሎት ተሸፍኖ የማየው ጠፋኝ፤ ቀሚሴ ጀርባዬ ላይ ተለጠፈ። አውቶቡስ ተራው ጥግ ካለች ካፍቴሪያ አንድ ከረክ ሻይና ሁለት ሳምቡሳ ገዝቼ ተሳፈርኩ።

ከከተማው እንደወጣን በመንገዱ ግራና ቀኝ የተተከለው ቴምር አጀበን። ከዛፎቹ ጀርባ የግመል መከላከያ አጥር፣ ከአጥሩ ጀርባ አሸዋ። አሸዋው መጀመሪያ ነጣ ያለ ነው፤ ወደ አል አይን ስንጠጋ እየቀላ፣ እየቀላ መጣ። አጠገቤ የተቀመጡት ጋሽ እንድሪስ የሚባሉ የከሚሴ ሰው ነበሩ፤ አል አይን የቴምር እርሻ ይጠብቃሉ። ከንፈሬን ደጋግሜ በምላሴ ሳርስ አይተው ሳቁብኝ። የአል አይን አየር ደረቅ ነው፣ የአቡዳቢን የባሕር ወበቅ እዚያው ትተሽው መጥተሻል፣ ቫዝሊን ግዢ አሉኝ። እውነትም ላቤ ደርቆ ቆዳዬ ተኮማትሮ ነበር።

የጀበል ሃፊት ተራራ ከሩቅ ብቅ ሲል ደረስን። ከጨርቁ ወንበር ተነስቼ፣ የናይለን ሻርፔን ሳብ አድርጌ፣ የበሩን ብረት ልይዝ እጄን ስዘረጋ፦ ጣ!

ጮኽኩ። ጋሽ እንድሪስ ከኋላዬ «ቢስሚላህ በይ፣ ልጄ» አሉኝ። እኔ ግን መውረዱን ረስቼ ቆሜ መሳቅ ጀመርኩ። ሰው ሁሉ ያበደች መስሎት ነበር፤ ይምሰለው! ሐያትን የያዛት ነገር እኔንም ያዘኝ፤ እኔ ደግሞ ይህን ነገር አውቀዋለሁ።

እኔ የምሠራው በአንድ መሥሪያ ቤት የጽዳት ኃላፊ ሆኜ ነው። ኮምፒውተሮቹ ወዳሉበት ክፍል ስንገባ በሩ ላይ ያለችውን የብረት ሰሌዳ ሳንነካ አናልፍም። ቴክኒሻኖቹ ነገሩን ስታቲክ ይሉታል። ተማሪ ሳለን ማበጠሪያ ጸጉር ላይ አሽተን የወረቀት ብጣሽ እናስነሳ አልነበር? ያው ነው። ነገርና ነገር ሲፋተግ ኤሌክትሪክ ሰውነት ላይ ይጠራቀማል፤ አየሩ እርጥብ ከሆነ ቀስ ብሎ ይበተናል፣ ደረቅ ከሆነ ግን ብረት ወይም ሰው እስክንነካ ይጠብቃል።

ሰናይያ

ታክሲ ይዤ የሐያት ሱቅ ወዳለበት የኢንዱስትሪ ሰፈር፣ ሰናይያ ገባሁ። ጋራዥ፣ ጎማ ቤት፣ የቀለም ሽታ፤ ሁሉም ለጁምዓ ሶላት በሩን ዘግቷል። ሐያት ሱቁ ውስጥ ብቻዋን ተቀምጣለች። ከስታ ነበር። ላቅፋት ስሮጥ ወደ ኋላ ሸሸች።

«አትንኪኝ፣ ሰብልዬ። ወላሂ አንቺንም እንዳይዝሽ።»

እየጎተትኩ አቀፍኳት። ጉንጫችን ላይ ጣ! አለ። እኔ ስስቅ እሷ ፈዛ ቀረች። ከዚያ አለቀሰች፤ ልጆቹ ሳህኗን እንደለዩባት፣ ከተነጠለች ወዲህ ሰው እጇን ነክቶ እንደማያውቅ ነገረችኝ። በዚያች ሰዓት ልጆቹን ባገኛቸው የምለውን እኔ አውቃለሁ።

መቼ እንደጀመራት ጠየቅኳት። ሱቁ ያማረ እንዲሆን ማዳም ይህን የሞኬት ምንጣፍ ያስነጠፈች ሰሞን ነው አለች። ወለሉን አየሁት፤ ወፍራም ናይለን። ቀሚሷን አየሁ፤ ፖሊስተር። ጫማዋ ላስቲክ፣ ጨርቁ ሁሉ ሰው ሠራሽ ሳቲን፣ ኤሲው ቀን ከሌት ይነፋል። ቀኑን ሙሉ በዚህ ላይ እየተመላለሰች ጨርቅ ስትዘረጋ ባይይዛት ነበር የሚገርመኝ!

ከጁምዓ በኋላ

የሐያት ማዳም፣ ባለ ሱቋ፣ ከሶላት በኋላ መጡ፤ ኡም ሰዒድ ይባላሉ፣ ክፉ ሰው አይደሉም። ደንበኛ ሸሽቶባቸዋል። አንዲት ሴትዮ ከሐያት እጅ ጨርቅ ልትቀበል ስትል ነዝሯት፣ ይህች ልጅ ጂን አለባት ብላ ወጥታለች፤ በዚያው ቀን ነው ቪዛውን እሰርዛለሁ ያሉት። እኔ በተሰባበረው አረብኛዬ ሞኬቱን፣ ጫማውን፣ አየሩን ላስረዳ ስውተረተር ሰዓታቸውን ያያሉ። ቃል እንደማይበቃ ገባኝ።

እርስዎ ራስዎ ጨርቁን ይዘርጉት አልኳቸው። ሐያት ቀሚሴን ጎተተችኝ። ኡም ሰዒድም ደማቸው ፈላ፤ እኔ ልፈራ ነው? አሉና በሸበጣቸው ሞኬቱን እየሳቡ ሄደው ትልቁን የሳቲን ጥቅል ዘረጉት፣ ለኩት፣ ደግመው ጠቀለሉት። ከዚያ የመቁረጫውን ጠረጴዛ ብረት ሊደገፉ እጃቸውን ዘረጉ፦ ጣ!

እኔ የተናገርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። «ማዳም፣ እርስዎንም ያዘዎት?»

ጣታቸውን አዩ፣ ሞኬቱን አዩ፣ ሐያትን አዩ። «ከህርባ» አሉ በገዛ አፋቸው፤ ኤሌክትሪክ ማለታቸው ነው። ከዚያ አፋቸውን በሸይላ ሻርፓቸው ሸፍነው ሳቁ። እኔ ያን ሰዓት የአል አይን ሹም ብትሉኝ አልከራከርም።

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ወዲያው ሥራ ጀመርን። ሞኬቱን ጠቅልለን አወጣነው፤ ከሥር ጥሩ የሸክላ ንጣፍ ነበረ። በእርጥብ መወልወያ ወለወልኩት፤ ሙያዬ ነው። ሐያት የጥጥ ቀሚስና ከሥሩ ቆዳ የሆነ ጫማ አደረገች። ጨርቅ ለሰው ከመስጠቷ በፊት የእንፋሎት ካውያ እንድታሳልፍበት፣ ቁልፍ በእጇ ይዛ የበሩን የብረት ክፈፍ እንድትነካ አሳየኋት፤ በቁልፍ ከነካሽ ብልጭታው ቁልፉ ጫፍ ላይ ይወጣል፣ ጣትሽን አያቃጥልም። ብረቱን ጠረጴዛ ከመሬት ሽቦ ጋር ማገናኘት ግን የእኔ ሥራ አይደለም፤ ኡም ሰዒድ ለሕንፃው ኤሌክትሪሺያን ደወሉ፣ ለቅዳሜ ቀጠረ።

ከዐስር ሶላት በኋላ ያቺ የሸሸችው ሴትዮ ትእዛዟን ልትሰርዝ መጣች። ኡም ሰዒድ የራሳቸውን ጣት እያሳዩ አስረዷት፤ እሷ ግን እጇን አባያዋ ውስጥ እንደደበቀች ናት። ሐያት ካውያውን አሳለፈች፣ በቁልፉ ክፈፉን ነካች፣ ጨርቁን ዘረጋችላት። ሴትዮዋ በሁለት ጣት ጫፍ ተቀበለች። ምንም የለም። በሙሉ እጇ ያዘችው። ምንም የለም! ጨርቁን እያገላበጠች የሁለት ክፍል መጋረጃ ጨምራ አዘዘች፤ ሐያት እየቆረጠችላት እንባዋን በትከሻዋ ትጠርጋለች።

መመለሻ

ሐያት አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኘችኝ። ታክሲው ውስጥ እጄን ይዛ አልለቀቀችም፤ ትኬት ስቆርጥ እንኳ በአንድ እጄ ነው ፍሉሱን ያወጣሁት። እኔም ልቀቂኝ አላልኳትም።

አል ካራማ ስደርስ ገና ምሽቱ መግባቱ ነበር፤ ወበቁ ተቀበለኝ፣ መነጽሬም እንደ ልማዱ ታፈነ። ጉዞው ያስተማረኝን እዚሁ ልጻፍ፦ ሰው «ያዘኝ» ሲል ስም ከማውጣት በፊት «የት? መቼ? ምን ስትነኪ?» ብሎ መጠየቅ ነው። እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች የጠየቃት ጠፍቶ አንዲት ልጅ ልትባረር ነበር።

እሁድ ሥራ ላይ ሳለሁ ደወለች። ማዳም ወደ ኢሚግሬሽን ይዘዋት ሄደው ነበር፤ ለመሰረዝ ሳይሆን ለማሳደስ።

«ሰብልዬ፣ የሁለት ዓመት ቪዛ መቱልኝ።»

መወልወያዬን ጥዬ ኮሪደሩ መሃል እልል አልኩ። ከየቢሮው አንገት ብቅ ብቅ አለ። ማንም ምን ሆነሽ ቢለኝ ለማስረዳት ተዘጋጅቼ ነበር፤ የጠየቀኝ ግን የለም፣ እኔም ደግሜ እልል አልኩ።