ትራክተሩ ላይ እንዳትጭኑኝ

በአሶሳ ዙሪያ ካሉት የሰፈራ መንደሮች በአንዱ የሚሠራው ጤና ረዳት በጠራራ ፀሐይ ካፖርት ይለብሳል፤ ያበጠ ሆዱን ለመሸፈን ነው። ጉበቱ እንደማይድን ያውቃል፤ ከስንት ሰው ሆድ ላይ በእጁ ዳስሶ የለየው በሽታ ነው። ሰፋሪዎቹ ግን ዛሬም "ዶክተር" ይሉታል። በሽተኛ ሲደክምበት የቤተሰቡን ልመና ሳይሰማ በትራክተር ተሳቢ ጭኖ ወደ አሶሳ ሆስፒታል ይልክ ነበር።

ዛሬ ጎረቤቱን የወርቅውሃን አስጠራት። ባሏ የሞተባት የወሎ ሰፋሪ ናት።

"እቴ የወርቅውሃ፣ የደከምኩ ዕለት ትራክተሩ ላይ እንዳትጭኑኝ፤ አደራ። እዚሁ አልጋዬ ላይ ሆኜ ከንፈሬን በውሃ አርሺልኝ።"

"ውይ ዶክተር! እርስዎ መዳኛው አሶሳ ነው ይሉን አልነበር?"

"ለሚሞት ሰው መንገዱ ስቃይ ብቻ ነው።"

ባሏ አምና "ቤቴ መልሱኝ" እያለ በዚያው ተሳቢ ሄዶ፣ መንገድ ላይ ነው የሞተው።

"ያኔም ያውቁ ነበር?"

"አውቅ ነበር" አለ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። "ሰው እዚህ ሲሞት ካድሬው በኃላፊነት የሚጠይቀው እኔን ነበር።"

የወርቅውሃ ነጠላዋን አጣፋች።

"አይስጉ፤ እርስዎን አንጭንዎትም" አለችው በለሰለሰ ድምፅ።

ምነው በሰደበችኝ፣ አለ በልቡ።