ጋሽ መኩሪያን ያቆመው ማሽን

ባለፈው ሳምንት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ጉልበቴን ኦፕራሲዮን ከተደረግኩ ወዲህ መራመድ በምለማመድበት ቦታ፣ ሮቦት አመጡልኝ። ወገቤን ደግፎ ኮሪደሩን ሲያስኬደኝ ሳቄ መጣ። ጋሽ መኩሪያ ትዝ ብለውኝ ነው።

ያኔ ወጣት ነበርኩ፤ ከዚህ ብዙም በማይርቀው አሌክሳንድሪያ ውስጥ እሳቸውን መንከባከብ ነበር ሥራዬ። እግራቸው ከድቷቸው ከወንበር ብቻቸውን አይነሱም። እኔ ልደግፋቸው እጄን ስዘረጋ ፊታቸው ይለዋወጣል፤ በቀበቶ ይዞ ከወንበር ብድግ የሚያደርጋቸው የኤሌክትሪክ ማንሻ ላይ ግን ሳያንገራግሩ ይታሰራሉ። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ «እሱ አይታዘበኝም» አሉኝ። ከልቤ ተቀየምኩ።

በጸደይ አንድ ቅዳሜ፣ ልጃቸው ሰላም የምትወደው ልጅ ሽማግሌ ላከ። ጋሽ መኩሪያ ቁጭ ብለው ቢቀበሏቸው ንቀት እንዳይመስል ፈሩ። ስለዚህ ከጠዋት ጀምሮ በማንሻው መነሳትና መቀመጥ ስንለማመድ ዋልን። ቤቱን የዶሮ ወጥ ሽታ ሞልቶታል፤ ውጭ ዝናቡ አባርቶ የቼሪ አበባ መኪኖቹ ላይ ረግፏል። እንዲህ ያለ ቀን ሆዴን ደስ ይለዋል።

ሽማግሌዎቹ ከሴቨን ኮርነርስ ሰፈር መጥተው ሲገቡ ማሽኑ ቀስ አድርጎ አቆማቸው።

«ኖር» አሉ ጋሽ መኩሪያ፣ ኮራ ብለው።

«በእግዜር፣ ይቀመጡ» አሏቸው እንግዶቹ።

መቀመጥ ግን ከየት ይምጣ? ስንለማመድ ባትሪው አልቆ ኖሯል፤ ቁልፉን ብጫን ብጫን ማሽኑ ዝም። ሽማግሌዎቹ ደግሞ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው፣ እንደ ወጉ ቆመው የልጁን ዘር ማንዘር ይቆጥሩ ጀመር። ገና አያቱ ላይ ሲደርሱ ቀበቶው ወደ ብብታቸው ሸሽቶ ጋሽ መኩሪያ ወደ ታች ይንሸራተቱ ጀመር። ሰላም ኩሽናው በር ላይ ቆማ ከንፈሯን ትነክሳለች። አባቷ እዚያው ቢወድቁ የሽምግልናው ነገር አበቃ።

«ያዢኝ፣ ልጄ» አሉኝ በሹክሹክታ።

ቀበቶውን ፈትቼ ታቀፍኳቸው። ክብደታቸው ሁሉ እኔ ላይ ሆነ፤ ደስታዬ ግን ልክ አልነበረውም። ትንፋሼ ሲቆራረጥ ሰምተው ተናጋሪውን ሽማግሌ አቋረጡት።

«ወጉ ነውና ሁለት ሦስቴ ላመላልሳችሁ አስቤ ነበር። አሁን ግን የዚች ልጅ ወገብ ሊቆረጥ ነው። ሰጥቻለሁ። በሉ ሁላችንም እንቀመጥ።»

ከኩሽና እልልታው ቀለጠ። እኔም ወንበራቸው ላይ ካሳረፍኳቸው በኋላ አብሬ እልል አልኩ።

አሁን በእሳቸው ዕድሜ ሳለሁ ነገራቸው ይገባኛል። ሮቦቱ አይደክመው፣ ወገቡን አያመው፤ አስቸገርኩት ብዬ አልሳቀቅም። ይህ ትልቅ እረፍት ነው፤ አልዋሽም፣ ወድጄዋለሁ። ብቻ ኮሪደሩን ሳልወድቅ ጨርሼ ደስ ሲለኝ፣ አብሮኝ ደስ የሚለው ሰው ፍለጋ ዞር ዞር አልኩ።