ጫፍ የሌለው ጨርቅ

ሰው ሁሉ ምሰሶ ይላታል። የሆቴሎች አንሶላና የጠረጴዛ ልብስ በሚታጠብበት ትልቅ ላውንደሪ ውስጥ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ቆማ ተኩሳለች፣ ቆማ ምሳዋን በልታለች፤ ቆማም ታንቀላፋለች እያሉ ይቀልዱባታል። እሷም አብራ ትስቃለች። ከድንበር ማዶ ለመጣ ሰው ቅጽል ስም ማግኘት ማለት መለመድ ነው።

ሙያዋ ክብ የጠረጴዛ ልብስ ላይ ነው። አራት ማዕዘኑን ማንም ያጥፈዋል። ክቡን ግን አዲስ ሠራተኛ ሲይዘው ዙሪያውን እየዳበሰ ጫፉን ሲፈልግ ይውላል። «ጫፍ የለውም፤ ከየትም ብትጀምሪው ያው ነው» ትላለች ምሰሶ። ከዚያ ሁለት ጊዜ አጥፋ፣ ጠርዙን ወደ ውስጥ ቀልብሳ፣ በመዳፏ አንዴ ጫን ታደርገዋለች። እዚያ ቤት የገባች ሴት ሁሉ ይህን የተማረችው ከእሷ ነው።

የምትፈራው አንድ ነገር ነበር። መጤዎቹ ሠራተኞች የመኖሪያ ፈቃዳቸውን በየዓመቱ የሚያሳድሱት ተቆጣጣሪው በሚፈርመው ደብዳቤ ነው። እሱ ካኮረፈ ደብዳቤው ይዘገያል፤ ደብዳቤው ከዘገየ ደግሞ ሻንጣ ማሰር ይመጣል። ጫማ ሰፊው ባሏ ጠዋት ሲሸኛት «በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም፤ አደራ!» ይላታል። እሷም አፏን ዘግታ ዓመት በመጣ ቁጥር ስታሳድስ ኖረች።

ነገሩን ያመጣው የአንዲት ነፍሰ ጡር እግር ነው። ከሁሉ በኋላ የተቀጠረችው አጣፊ የሰባት ወር እርጉዝ ነበረች፤ ማታ ማታ እግሯ አብጦ ከጫማዋ አልወጣ ይላታል። አንድ በርጩማ ብትጠይቅ ተቆጣጣሪው «ተቀምጦ የሚታጠፍ ጨርቅ የለም! መቀመጥ ከፈለግሽ ቤትሽ!» አላት። ይህን ያለው እሱ ራሱ ከባለጎማ የቢሮ ወንበሩ ላይ ሳይነሳ ነው። ለላውንደሪው ባለቤትም እንዲሁ ብሎ ካሳመናት ቆይቷል።

ሴቶቹ በምሳ ሰዓት መከሩ። በየጠረጴዛው በርጩማ ይቀመጥ፣ ደብዳቤም በአንድ ሰው ኩርፊያ አይያዝ፤ ለባለቤቲቱ የሚቀርበው ጥያቄ ይኸው ነበር። እስክሪብቶው ሲዞር ግን እያንዳንዷ ሥራ ትዝ አላት። ቀድማ የፈረመች ጠንሳሿ እሷ ናት መባሏ አይቀርማ! አንዷ «ፈሪ ለእናቱ» ብላ ወረቀቱን ገፋ አደረገችው።

ምሰሶ ነፍሰ ጡሯን አየቻት። ግድግዳ ተደግፋ አንዱን እግሯን ታሳርፋለች። ሄዳ ለመወልወያ ከተጣሉት መሀል አንድ ክብ ጨርቅ መዝዛ አመጣች።

«ጥያቄውን መሀሉ ላይ ጻፉት፤ ስማችሁን በዙሪያው አድርጉ። ተቆጣጣሪው መጀመሪያውን ካገኘው ያግኘው!» አለች።

በማይለቀው የልብስ ምልክት ማድረጊያ ቀለም ሠላሳ አንድ ሴቶች ፈረሙ። የአገሬውና የመጤው ስም ተጎራበተ።

ጥፋቱ የመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። የተጨማደደ ነገር ለሰው መስጠት ነውር የሚመስላት ምሰሶ፣ ጨርቁን ተኩሳ፣ አጥፋ፣ በመዳፏ ጫን አድርጋ ባለቤቲቱ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው።

በማግስቱ ጠዋት ባለቤቲቱ ተቆጣጣሪውን ጨርቁን አስይዛ መጣች። እሱ ዘረጋውና ዙሪያውን ዞረ። ደግሞ ዞረ። መጀመሪያው ጠፋበት። ከዚያ የእጥፋቱን መስመር አየና ፈገግ አለ።

«ስሙን ተዉት። ይህን አጣጠፍ አውቀዋለሁ። ምሰሶ፣ ያንቺ ነው። ደብዳቤሽ የሚፈረመው በዚህ ሳምንት አልነበር?»

ምሰሶ ባሏና ሻንጣው ባንዴ ታዩዋት። «አዎ» ልትል አፏን ስትከፍት ካጠገቧ ያለችው ተኳሽ ቀደመቻት።

«እኔ ነኝ ያጠፍኩት።»

«ኧረ አትዋሺ፣ እኔ ነኝ!» አለች ሌላዋ።

«አንቺ ደሞ! እኔ አይደለሁ እንዴ?»

ተቆጣጣሪው ሳቀ። «እንግዲያው እጠፉና እንያችሁ» ብሎ የክብ ጨርቁን ክምር ገፋላቸው።

አጠፉ። ሁሉም ሁለት ጊዜ፣ ጠርዙን ወደ ውስጥ፣ በመዳፍ አንዴ ጫን። የተደረደረውን ጨርቅ ምሰሶ ራሷ ብትጠየቅ የቱ የማን እንደሆነ አትለየውም። የቀረችው ነፍሰ ጡሯ ነበረች። «እኔማ ቆሜ አልችልም» አለችና፣ ጥግ ያለውን የተቆጣጣሪውን ባለጎማ ወንበር ጎትታ ዘፍ አለችበት። ጨርቁን ጭኗ ላይ አድርጋ ከሁሉም አሳምራ አጠፈችው።

ባለቤቲቱ ጨርቁን አየች፤ ወንበሩን አየች። «ተቀምጦ አይታጠፍም ያልከኝ አንተ አይደለህም?» አለችው።

ሴትዮዋ ደግ ሆና እንዳይመስላችሁ። ሠላሳ አንድ ሰው ባንድ ቀን ቢያኮርፍባት የስንቱ ሆቴል አልጋ ያለ አንሶላ እንደሚያድር አሳምራ ታውቃለች። የምሰሶ ደብዳቤ በዚያው ሳምንት ተፈርሞ እጇ ገባ። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤው ለሁሉም በቁርጥ ቀን ከቢሮ ይሰጣል፤ በርጩማዎቹም ወር ሳይሞላ መጡ።

የሠራተኞች ቀን ሲደርስ ክቡን ጨርቅ በሁለት እንጨት ወጥረው ከሰልፉ ፊት ያዙት። የአውቶቡስ ሹፌሮች ጥሩምባ እየነፉላቸው አለፉ። ከሁሉ በላይ የጮኸው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ጫማ ሰፊው! ድምፁ እስኪዘጋ ጮኸ።

«ዝንቡስ?» አለችው ምሰሶ።

«ዛሬ ዝንቡም ሰልፍ ወጥቷል» አላት።

ከሰልፉ በኋላ በሠራተኛ ማኅበሩ አዳራሽ ግብዣ ነበር። ያው ጨርቅ ጠረጴዛ ላይ ተዘረጋ። ሳቁና ጭፈራው ሲደራ አንዱ ክንዱን ሲያወናጭፍ ብርጭቆ ደፋና ጭማቂው በስሞቹ ላይ ፈሰሰ። ምሰሶ እንደልማዷ ቆማ ነበርና ጨርቁን ለማንሳት ተንደረደረች።

«ውሃ አምጡ! ሳይደርቅ…»

«ተቀመጪ!» አሏት፣ ሴቶቹ ሁሉ ባንድ አፍ።

ነፍሰ ጡር የነበረችው በርጩማ አስጠጋችላትና ልጇን አሳቀፈቻት። ምሰሶ ተቀመጠች። ለካስ ጉልበቷ ይህን ያህል ዘመን ሲለምናት ኖሯል! እፍረትና ደስታ ተደባልቀውባት እንባዋ መጣ፤ ሕፃኑን ወደ ደረቷ አስጠጋችው። ጨርቁን ሌሎቹ አጠቡት፣ ተኮሱት፣ አጠፉት፤ እሷም እስኪጨርሱ ድረስ ከበርጩማዋ አልተነሳችም።