ደረጃው እንዳይወርድ

መጋረጃ ሰፊዋ ሴት በዕድሜዋ ሆቴል ያደረችው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ አንዴ በሙሽርነቷ፣ አንዴ ደግሞ በዚህ በምንተርከው ጊዜ። ባሏ ግን ሆቴል ለሆቴል ሲዞር ነው ጸጉሩ የሸበተው። የሊፍት ቴክኒሻን ነው። መሥሪያ ቤቱ ሊፍት የተበላሸበት ከተማ ሁሉ ይልከዋል፣ እሱም የመፍቻ ሣጥኑን አንጠልጥሎ ይሄዳል፣ የሚያርፈውም በየከተማው ቅርንጫፍ ባለው አንድ ሆቴል ነው።

ሆቴሉ ለደንበኞቹ ካርድ ይሰጣል። ሰው አዳሩ በበዛ ቁጥር ካርዱ ከብር ወደ ወርቅ፣ ከወርቅ ወደ ፕላቲኒየም ያድጋል። ፕላቲኒየም የደረሰ ሰው የተራውን ክፍል ዋጋ ከፍሎ ትልቁን ክፍል ያገኛል፤ ትልቁ ክፍል ካለ ነው ታዲያ። ባልየው ፕላቲኒየም የገባ ዕለት ሰፈሩን አዳረሰው። የሥራ ጓደኞቹም ስሙን ትተው «ፕላቲኒየም» ይሉት ጀመር። የሚስቱ ታላቅ እህት ብቻ አፏ አልያዝላት ብሎ ይሁን አውቃ፣ «ፕላስቲክ ከመንገድ ገባ?» እያለች ነበር የምትጠይቀው።

«አይዞሽ፣ በከንቱ የቀረ አዳር የለም» ይላት ነበር ሚስቱን። «አንድ ቀን ይዤሽ እሄድና፣ ሳሎን ያለው ክፍል ውስጥ እንደ ንግሥት ትተኚያለሽ።»

እሷ በበኩሏ ቤቱን ይዛ ቀረች። ጣሪያው ሲያፈስ ባልዲ የምትደቅነው እሷ፣ የወላጆች ስብሰባ የምትሄደው እሷ፣ አንድ ልጃቸውን የዳረቻትም ብቻዋን በሚያሰኝ ሁኔታ እሷ ናት። ሲከፋት የስፌት መኪናዋ ላይ ጎንበስ ትላለች። ያ ጎንበስ ማለት በመጨረሻ ወገቧን ያዘው። ሐኪሙ ዕረፍት ሲያዝላት ባሏ ደስታው ፊቱ ላይ ታየ። «በቃ፣ ቀኑ ደረሰ» አለ።

ከሰዓት በኋላ ሆቴሉ ደረሱ። እንግዳ ተቀባይዋ ገና ከበሩ ሲገባ በስሙ ጠራችው። ሚስቱ የባሏ ትከሻ እንዴት ቀና እንዳለ አየች። ልጅቷ ፈገግ እንዳለች ቁልፍ ሰጠችው፤ ከጄኔሬተሩ በላይ ያለ ተራ ክፍል ነበር።

«ትልቁ ክፍልስ?» አላት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«በጣም ይቅርታ ጋሼ፣ ዛሬ ትልልቆቹ በሙሉ ተይዘዋል።»

«ችግር የለም፣ ምንም ችግር የለም» አለ ባልየው። ሚስቱ ዞር ብላ አየችው። እቤት ወጥ ውስጥ ጨው አነሰ ብሎ ግማሽ ቀን የሚያኮርፍ ሰው እዚህ እንዲህ ለስላሳ ሆኖ ስታየው ገረማት።

ቦርሳቸውን ሳያነሡ አንድ ባለ ሱፍ ሰውዬ ከጎናቸው መጥቶ ሌላኛውን እንግዳ ተቀባይ፣ «ሰፋ ያለ ክፍል ይገኛል?» አለው።

«አለ ጌታዬ። ሳሎን ያላቸው ሁለት ቀርተውናል።»

መጋረጃ ሰፊዋ ቦርሳዋን መልሳ አስቀመጠች። «የኔ ልጅ፣ ተይዘዋል አላልሽንም?»

ልጅቷ ቀላች። ባልየው የሚስቱን ክንድ ያዝ አድርጎ «ተይ በናትሽ፣ ሰው ያየናል» አለ።

«ይየና።»

ሥራ አስኪያጁ ድምፅ ሰምቶ ከኋላ ክፍል ወጣ፤ ክራቫቱን እያስተካከለ። «እመቤቴ፣ ለሽያጭ የተቀመጠ ክፍልና ለካርድ ደንበኛ የሚሰጥ ክፍል ይለያያል።»

«ምኑ ነው የሚለየው? አልጋው ይቀየራል?»

«አልጋው ያው ነው። እስከ ማታ ገዢ ሊመጣ ስለሚችል ግን እንጠብቃለን።»

«ባይመጣስ?»

«ባዶውን ያድራል።»

«ለእሱ ከምትሰጡት ባዶውን ቢያድር ይሻላችኋል ማለት ነዋ።»

«ደንቡ ‹ካለ› ነው የሚለው፣ እመቤቴ። አለ የለም የምንለው ደግሞ እኛ ነን።»

ደሟ ፈላ። በወጣትነቷ ብቻዋን የተኛችባቸው ሌሊቶች ሁሉ በዚህች «ካለ» በምትባል ቃል ተለውጠው ኖሯል። እንግዶቹ መሰብሰብ ጀመሩ። ሥራ አስኪያጁ የሚያበርዳት መስሎት፣ ለስለስ ብሎ ወደ ባሏ አመለከተ።

«ባለቤትዎን እኮ እንደ ቤተሰብ ነው የምናያቸው። አምና ዓመቱ ሊያልቅ ሲል አዳር ጎድሏቸው፣ ደረጃዬ እንዳይወርድ ብለው፣ ሥራ እንኳን ሳይኖራቸው ከኪሳቸው ከፍለው እኛው ጋ ነው የሰነበቱት። እንዲህ ያለ ደንበኛ ከየት ይገኛል?»

ባልየው ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ።

አምና ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ልጃቸው ምጥ ላይ ነበረች። ደም ፈሷት፣ የልጅቷ ባል ደም አልገጥም ብሎ፣ አዋላጇ «ደም የሚሰጥ ወንድ የላችሁም?» ብላ ስትጮህ፣ እናት ከማዋለጃው ኮሪደር ለባሏ ደውላ ነበር። «የሆስፒታል ሊፍት ቆሞ በሽተኛ እየተጉላላ ነው፣ ጥዬ መምጣት አልችልም» አላት። እሷም እውነቱን መስሏት ነበር። እንዲያውም ለሰው በሽተኛ መጨነቁ አኩርቷት ነበር። ደሙን የሰጠው ከቤታቸው ማዶ ያለው ጫማ ሰፊ ነው።

ድምፅዋን አልጨመረችም። እጇን ወደ ሥራ አስኪያጁ ዘርግታ፣ «ቁልፉን አምጣ። የትልቁን» አለችው። ሰውዬው የተሰበሰበውን ሰው አየ፣ ፊቷን አየ፣ ሰጣት።

ባሏ ሁለቱንም ቦርሳዎች ተሸክሞ ተከተላት። ከበሩ ሲደርሱ የራሷን ከእጁ ወሰደች።

«ያንተ ክፍል ታች ነው» አለችው፤ በሩንም ዘጋችው።

ክፍሉ እንዳወራው ሁሉ ሰፊ ነበር። ሳሎኑ አለ፣ ገንዳው አለ። መጋረጃው ከጨርቁ ውድነት ጋር የማይሄድ ስፌት ነበረው። ያንንም አይታ ተናደደች። እንደ ንግሥት መተኛቱ ቀርቶ ሶፋው ላይ ጫማዋን እንዳደረገች ተቀመጠች። ማልቀስ ፈልጋ ነበር፤ ንዴቱ አላስለቀሳት አለ።

በማግስቱ ቁርስ ላይ መጥቶ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። ጄኔሬተሩ እንቅልፍ እንደነሣው ከዓይኑ ያስታውቃል።

«ሊፍት ስጠግን ማንም ቀና ብሎ አያየኝም» አለ። «‹ቶሎ በል እንጂ› ነው የሚሉኝ። እዚህ ግን ከበር ስገባ በስሜ ነው የሚጠሩኝ። ከወረደ ያ ሁሉ ይቀራል ብዬ ፈራሁ።»

«እቤትህስ ማን በምን ጠርቶህ ነው?»

እሱ ሻዩን ማማሰል ያዘ።

«ልጅህ ልትሞት ነበር። እኔ የሰው በር እያንኳኳሁ ደም ስለምን፣ አንተ እዚህ ፎጣ ታጥፎልህ ተኝተሃል።»

«እንዲህ ይከፋል ብዬ አላሰብኩም። ከቤት ስወጣ ለሥራ ነው ብዬ አንዴ ዋሽቻለሁ፣ ስትደውዪልኝ እንዴት ልመልሰው?»

«ለእኔ አይደለም የምትናገረው። ለእሷ ራስህ ንገራት። በእኔ አፍ አትሰማውም።»

በአውቶቡስ ተመለሱ። ሰፈር ሲደርሱ ወደ ቤታቸው ሳይሆን ወደ ልጃቸው ቤት ታጠፈች፤ እሱም ተከተለ። ልጅቷ ሕፃኑን ታቅፋ ከፈተችላቸው። አባቷ ገና ሳይቀመጥ፣ ቆሞ፣ ምንም ሳይቀባባ ነገራት። ልጅቷ እስከ መጨረሻው ሰማችው። አልጮኸችም። «ሻይ ልጣድላችሁ» ብላ ወደ ማድቤት ገባች፤ ውሃው ፈልቶ እስኪያልቅ ቆየች።

ለብዙ ጊዜ «አባዬ» ማለቱን ተወችው፤ «እሱ አለ?» ነበር ስትደውል የምትለው። ሰውዬው በዚያው ዓመት አለቃውን ለምኖ የከተማ ውስጥ ሥራ ላይ ተመደበ። ካርዱ ወርቅ ሆነ፣ ከዚያ ብር፣ ከዚያ የት እንደገባ ማንም አልጠየቀም። ማታ ማታ እቤት ይገባል፣ ሳህን ያጥባል፣ የልጅ ልጁን ያስከትባል። መጋረጃ ሰፊዋ ይህን ሁሉ ታያለች። እህቷ «በቃ፣ ማሪው እንግዲህ» ስትላት፣ «ምግቡን እኮ አልከለከልኩትም» ትላለች፤ ትልና የስፌት መኪናዋን ከወትሮው አጥብቃ ትረግጠዋለች።