ለወፍ የተበተነ ዘር

ከወረታ የወጣሁት አፈሳው የበረታ ጊዜ ነው። አመሻሽ ላይ የጎረቤታችን ልጅ ለውትድርና መወሰዱን ሰማንና ባለቤቴ ስመኝ ቆሎ ቋጥራ፣ "ሂድ፣ ስትደላደል ትወስደኛለህ" አለችኝ። ቃል ገብቼላት በመተማ ወደ ሱዳን ተሻገርኩ። ከዓመታት በኋላ ለንደን ስደርስ ግን መደላደሉ ቀርቶ ፀሐይዋን እንኳ ማየት ብርቅ ሆነብኝ። የእነሱ ዝናብ እንደ ፎገራ ሜዳውን ሞልቶ አይሄድም፤ ዝም ብሎ ሲያኮርፍ ይውላል።

የተከራየሁት ዶረቲ ከሚባሉ ባላቸው የሞቱባቸው ሴትዮ ቤት ነበር። ስመኝን ላምጣት ብላቸው፣ "ክፍሉ ለአንድ ሰው ነው፤ እስቲ መጀመሪያ ጠባይህን ልየው" አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ደረጃውን እንኳ ድምፅ ሳላሰማ ነበር የምወጣው።

በማታ ትምህርት ቤት አስተማሪው "ስካተር" የሚል ቃል አመጣ፤ መበተን ማለት ነው። ፖሊስ ሰልፈኛን ስካተር ያደርጋል፣ ሕፃን መጫወቻውን፣ ገበሬ ደግሞ ዘሩን። ይቺን የመጨረሻዋን ስሰማ ደስ አለኝ። በዚያ አገር የምችለው ሥራ ሲጠራ ገና መስማቴ ነው።

አንድ እሑድ ዶረቲ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ከረጢት ሙሉ እህል ሰጡኝና "ጓሮ ስካተር አድርገው" አሉ። ጠባዬን የማሳይበት ቀን መጣ አልኩ። ጓሮው ሣር ብቻ ነው፤ እኛ አገር ሣር ላይ ዘር የሚጥል መሳቂያ ነው። ሣሩን በአካፋ ገለበጥኩ፣ አለሰለስኩ፣ እየተራመድኩ ግራና ቀኝ በተንኩ፣ አፈር አለበስኩ። ወፎቹ ሲመጡ ከጫማዬ ማሰሪያ ወንጭፍ ሠርቼ ጥበቃ ቆምኩ።

ዶረቲ ሲመለሱ በሩ ላይ ክው ብለው ቀሩ።

"ሣሬስ?"

"ቆፈርኩልዎ።"

"እህሉስ?"

"ተዘርቷል።"

"ለወፎቹ እኮ ነው የሰጠሁህ! ወፎቹስ?"

"አይስጉ፣ አንድም አላስጠጋሁ።"

ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ እንዲህ ስቀው እንደማያውቁ ነገሩኝ።

"በል ሚስትህን አምጣ። ሣሬን ትመልሳለህ፣ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ወፎቹን ታበላለህ።"

ወረታ ስልክ ቤት ቀጠሮ አስይዤ ስመኝን አስጠራኋትና የምሥራቹን ነገርኳት።

"ሴትዮዋ በምትኩ ምን አሉህ?" አለች።

"ጠዋት ጠዋት ለወፎች እህል መበተን ብቻ ነው።"

"እህል? ለወፍ?"

"ለወፍ።"



"እዚህ ዘንድሮ ውሃው ሁለቴ ዘራችንን ወሰደው" አለች። "ሁለተኛዋ አባቴ ከአፋችን ነጥቀው ያስቀመጧት ነበረች።"

"ትመጫለሽ ወይ?" አልኳት።

"እስኪ መጀመሪያ እህሉን ወደዚህ በትነው።"

ስትስቅ ሰማኋት። ትመጣ እንደሆን ግን አልነገረችኝም።